ደስ ብሎናል ይላሉ

ከየካ ተራራ ጀርባ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የመብራት ማመንጫ ሊተከል ነው የሚለውን ወሬ ወደ ቤታችን ያመጣው አባቴ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ለጥናት ከውጭ የመጡትን መሐንዲሶች በላንድሮቨር ጭኖ ጠዋት በፈረንሳይ ሠፈር በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። የምንኖረው ቀበና፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ አባቴ እራት ላይ፣ "ይሄ ነገር ሲያልቅ መብራት ጠፋ የሚባል ወሬ አትሰሙም" ሲለን አፋችንን ከፍተን እናዳምጠው ነበር።

አንድ ቀን በመሀረብ የጠቀለለው ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣ። እናቴ አገላብጣ አየችው።

"ድንጋይ ይነዳል ነው የምትለኝ?"

"ከእንጨት ይበልጣል። ፈረንጆቹ ባቡር የሚነዱት በዚህ ነው።"

እናቴ ምድጃው ላይ፣ ከተያያዘው ከሰል መሀል አስቀመጠችው። እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ቆየና ቢጫ ጭስ ለቀቀ። የገማ እንቁላል ይሸታል። ሁላችንም እየሳልን ወደ ግቢ ሮጥን። እናቴ ዓይኗ እያነባ፣ "ይሄ ነው አገር የሚያበራው?" ብላ ሳቀች፤ አባቴም ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። በዚያ ነገር ከልባችን የሳቅነው የመጨረሻ ጊዜ እሱ ይመስለኛል።

አባቴ የተወለደው እዚያው ተራራው ጀርባ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በወጣትነቱ ከተማ ወርዶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ እናቴን አገባ፣ አማርኛው የአራዳ ልጅ አማርኛ ሆነ። ታላቅ እህቱ እዚያው ቀርታ ከባሏ ጋር ታርስ ነበር። እኛ ልጆቹ አዳዳ እንላታለን፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ወተት ልትሸጥ ስትወርድ እኛ ቤት አረፍ ትላለች። ትምህርት ሲዘጋ የምከርመው እሷ ጋ ስለነበር ኦሮምኛን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከእናቴ ጋር ግን የሚግባቡት በእጅና በፈገግታ ነበር። አዳዳ ከሰላምታና ከወተት ዋጋ በስተቀር አማርኛ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም።

በመሥሪያ ቤቱ አባቴ ኦሮምኛ መቻሉን ማንም አያውቅም ነበር። የታወቀው መሐንዲሶቹ ማሳ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ሲተክሉ ገበሬዎቹ ዱላ ይዘው የከበቧቸው ዕለት ነው። አባቴ ከመኪናው ወርዶ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። ማን እንደወለደው ነገራቸውና ዱላው ዝቅ አለ። አብሯቸው የወጣው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ "እንዲህ ያለ ሀብት ይዘህ ነው እንዴ የተደበቅከው? ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚያችን ነህ" አለው።

ከዚያን ቀን በኋላ የአባቴ አረማመድ ተለወጠ። ኮቱን እናቴ በየማታው በካውያ ትተኩሰዋለች። መኪና ሲነዳ ከኋላው የሚነገረውን ብቻ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ አሁን ከኃላፊው ጎን ቆሞ ይናገራል። የሠፈር ሰው፣ "አቶ ሾፌር" ማለቱን ትቶ፣ "ጓድ አስተርጓሚ" ይለው ጀመር፤ ግማሹ በቀልድ ነው፣ እሱ ግን ቀልዱን አልለየውም።

የመሠረት ድንጋዩ የሚጣልበት ቀን ሲደርስ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ዘፈን እንዲያቀርብ ታዘዘ። እኔም ከዘፋኞቹ አንዷ ነበርኩ። ካኪያችንን ለብሰን በጭነት መኪና ላይ ቆመን ወጣን። ከባሕር ዛፉ ስናልፍ የአዳዳ አገር ተዘረጋ። ሜዳ ነው፣ ገብሱ ለማሸት የደረሰ። ቤቷ ከሜዳው ጫፍ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ይታያል። የእንግዶቹ ድንኳን የተተከለው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነበር።

ገበሬዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ኃላፊው በድምፅ ማጉያ ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረገ። አባቴ ከጎኑ ቆሞ እየቆራረጠ ያስተረጉማል። የድንጋይ ከሰል የሚለው ላይ ሲደርስ ተቸገረ። "ጪሌ ዳጋ" አለ በመጨረሻ፤ ጪሌ ከሰል፣ ዳጋ ድንጋይ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። ድንጋይ አክስሎ የሚሸጥ ሰው የታያቸው ይመስለኛል።

ኃላፊው ሲጨርስ፣ "የሕዝቡን አስተያየት እንስማ" አለ። ማንም አልተነሣም። ከሴቶቹ መሀል አዳዳ ተነሣች።

የተናገረችው በኦሮምኛ ነው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ሁሉም ይሰማል።

"መሬት ላራሹ ብላችሁ ይሄን መሬት የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ፤ አመስግነናል። ዛሬ ደግሞ ልቀቁ ትላላችሁ። የቱን ቃላችሁን እንያዝ? እኔ ልጄ ዘምቷል። ሲመለስ የሚያውቀው ያንን ቤት ነው። ቤቱን ካፈረሳችሁት የት ብሎ ይመጣል? መብራቱ ይምጣ፣ አንጠላም። በቤታችን ላይ ግን አይምጣ። አንነሣም በልልኝ።"

የመጨረሻውን የተናገረችው አባቴን እያየች ነው። በልልኝ አለችው፣ ወንድሟን።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ኃላፊው ጆሮውን አዘነበለ። "ምን አለች?"

"ደስ ብሎናል ይላሉ" አለ አባቴ። "ለልማቱ ከመንግሥት ጎን ነን፤ ለመነሣትም ፈቃደኞች ነን ይላሉ።"

ኃላፊው አጨበጨበ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። ሣሩ ላይ የተቀመጡትም፣ አንድ ሁለቱ ቀድመው ሌላው ተከትሎ፣ አጨበጨቡ። አዳዳ ትንሽ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና ተቀመጠች። እግሯን ነበር የምታየው። አባቴ እኛ ወደ ቆምንበት ዞር አላለም። አኮርዲዮኑ ጀመረ፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር አፌን ከፈትኩ። ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር፤ ላየኝ ሰው ግን የዘፈኑ ስሜት ነው የሚመስለው።

ከቡድኑ ውስጥ ከእኔ ሌላ ኦሮምኛ የምትሰማ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ መሪ በሚባለው አገር የሚያርሱ። ስንመለስ ጭነት መኪናው ላይ አጠገቤ ቆመች። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ፣ "አባትሽ ያን ያህል ኦሮምኛው ጠፍቶበታል?" አለችኝ። ጠፍቶበታል ብዬ መመለስ ምንኛ በወደድኩ። ነፋሱ ያልሰማሁ እንዲያስመስልልኝ ፊቴን ወደ ፊት አዞርኩ።

ቤት ስንገናኝ አባቴ ስለ ቀኑ ምንም አላወራም። እናቴ፣ "እንዴት ነበር?" ስትለው፣ "ደህና ነበር" ብሎ ኮቱን ሰቀለ። እኔም ምንም አላልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ከሆንን አንዳችን ሰበብ ፈልገን እንወጣለን።

ኃላፊው ግን አዳዳን አልረሳትም። "ያቺ ጎበዝ እናት ለሌሎቹ ምሳሌ ትሁን፤ ቀድማ ትነሣ" አለ። ይህን ለእህቱ እንዲነግር የታዘዘው አባቴ ነው። ሊሄድ ሲል፣ ሲቀር፣ እሷው ራሷ አንድ ቀን ጠዋት መጣች። እኔ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት እልጥ ነበር። በኦሮምኛ ጠየቀችው፤

"ያልኩህን ነገርክልኝ?"

"ነገርኳቸው" አላት። "አይሆንም አሉ።"

አንገቴን ሽንኩርቱ ላይ ደፋሁ። አዳዳ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ "አይሆንም ካሉ ምን ይደረጋል" ብላ የወተት ዕቃዋን አንሥታ ወጣች።

ቤቷን ያፈረሱት ባሏና ጎረቤቶቹ ናቸው። እንጨቱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተጭኖ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ተከመረ። ከብቶቹ ለዘመድ ተሰጡ፤ አንዲት ጥገት ላም ብቻ እኛ ጋ መጥታ ከቤቱ ጀርባ ታሰረች። ምትክ ቦታ በቅርቡ ይሰጣችኋል ተባሉ። እስኪሰጣቸው ባልና ሚስት የእኛን ሳሎን ተኙበት። የሚሰጣቸው አልተገኘም፤ ሳሎኑ በዚያው ቤታቸው ሆነ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ቤቱ ጠባብ ነው፣ ላሟ ትሸታለች፣ ጎረቤት ያማርራል። አዳዳ በአጠገቧ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች እናቴ ለጎረቤት፣ "መፈናፈኛ አጣን እኮ! እስከ መቼ ነው የምሸከማቸው?" ትል ነበር። አማርኛ አትሰማም ብላ ነው። አዳዳ እንዝርቷን ታሾራለች።

ባሏ ዝምተኛ ሰው ነበር። ከተማ ውስጥ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ ላይ እንደ ተዋሰው ዕቃ ያኖረዋል። አባቴ ኃላፊውን ለመነና ሥራ ተገኘለት። ሥራው ዘበኝነት ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ለማመንጫው የታጠረውን ቦታ፣ ማለት የገዛ ማሳውን ነው። አባቴ ይህን እንደ ትልቅ ውለታ ነበር ያወራው። "ቢያንስ አገሩን ያየዋል" አለን።

ካኪ ካፖርትና ዱላ ተሰጠው። በየማለዳው ከቀበና ተነሥቶ ተራራውን ይወጣል። እዚያ አጥር አለ፣ ቀይ ኮከብ የተሣለበት የመሠረት ድንጋይ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ሥራው ከብት እንዳይገባ መከላከል ነው። ከብቶቹ የመነሣት ተራቸው ሳይደርስ ከአጥሩ ማዶ የቀሩት ጎረቤቶቹ ናቸው የሚያሰማሯቸው፤ የሚያርፉበትን ጥላ፣ የሚጠጡበትን ምንጭ ያውቁታል፤ አጥር ምን እንደሆነ አይገባቸውም። መጀመሪያ ያባረረው በሬ፣ ለዓመታት ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያረሰበትን የጎረቤቱን በሬ ነው። ጎረቤትየው ከማዶ ሆኖ፣ "እንዴት ዋልክ፣ ዘበኛው?" አለው። በስሙ አልጠራውም። ከዚያ ወዲያ ካፖርቱን አጣጥፎ በብብቱ ይዞት ይሄዳል እንጂ ብርድም ቢሆን አይለብሰውም፤ ተቆጣጣሪ የሚመጣ ሲመስለው ብቻ ነው ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው።

ማመንጫው አልመጣም። መጀመሪያ ማሽኑ መርከብ ላይ ነው ተባለ። ቀጥሎ ከሰሉ የሚወጣበት አገር መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። ከዚያ ጦርነቱ ባሰና ወሬው እየቀጠነ ሄደ። መሐንዲሶቹ ለእረፍት አገራቸው ሄዱ፤ አልተመለሱም። መብራት እንደ ድሮው ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር የሠፈሩ ሰው በአጥር በኩል፣ "ጓድ አስተርጓሚ! ከሰሉ አልደረሰም እንዴ?" ይላል። ሳቁ ከግቢ ግቢ ይሄዳል። እኛ ሻማ እስኪለኮስ በጨለማ እንቀመጣለን። አባቴ፣ "ይሠራል፤ ትልቅ ሥራ ጊዜ ይወስዳል" ይላል። አዳዳና ባሏ ጥግ ላይ መኖራቸውን የምናውቀው በትንፋሻቸው ነው።

ነገሩ መቅረቱን አባቴ የሰማው መኪና እየነዳ ነው። ኃላፊው ከኋላ ከአንድ ሌላ ሹም ጋር ተቀምጦ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ መሀል ላይ፣ "ያ የየካው ነገር ከተሰረዘ ቆየ እኮ" አለ። አባቴ ከመስተዋቱ አየው።

"ጓድ ኃላፊ፣ ገበሬዎቹስ?" ብሎ ጠየቀ።

"የትኞቹ ገበሬዎች?"

"የተነሡት። ቤታቸው የፈረሰው።"

ኃላፊው ትንሽ አሰበ። ክፋት አልነበረበትም፤ በእርግጥ ረስቶታል። "እነሱማ ደስ ብሎን ነው የምንነሣው አሉ እኮ። አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ያስተረጎምከው?"

ይህን ለእናቴ የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለማንም አልተናገረም። ማመንጫው እንደቀረ እያወቀ፣ የእህቱ ባል ጠዋት ጠዋት ዱላውን ይዞ ሲወጣ "በርታ" እያለ ይሸኘው ነበር።

ይህን ዝምታ የሰበረው የአዳዳ ልጅ ነው። እግሩን ተመትቶ ከጦር ሜዳ ተሰናበተ። ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ አልነበረውም ወይም አልፈለገም። ከአውቶቡስ ወርዶ በክራንች እየተደገፈ፣ ወደ እኛ ሳይሆን ቀጥታ ተራራውን ወጣ። ሜዳው ጫፍ ሲደርስ ኮሶው አለ፤ ቤቱ የለም። አጥር አለ። አጥሩን ተጠግቶ ሲመለከት ከወዲያ ማዶ አንድ ካፖርት የደረበ ሰው ዱላውን አንሥቶ፣ "ማነህ? ቁም! እዚህ መግባት ክልክል ነው!" ብሎ በአማርኛ ጮኸበት።

አባቱ ነው። ያን ቀን ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ካፖርቱን ደርቦ ነበር። ክራንች የያዘውን ሰው ከሩቅ አላወቀውም።

ይህን የነገረን ራሱ የአዳዳ ባል ነው፤ ሲመሽ ተቃቅፈው ቁልቁል ከወረዱ በኋላ፣ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። "ልጄን ቁም አልኩት" አለ። ይህንኑ ደጋገመው። አዳዳ የልጁን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ትስመዋለች። ልጁ ሳሎናችንን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ቤታችን የት ሄደ?" አለ። እንደ ልጅ ነው የጠየቀው። አባቴ ጠቅልሎ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠና ተነሥቶ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ለቤተ ክርስቲያን እንደሚለብሰው ጋቢውን ለብሷል።

"ያን ቀን ሰምተሻል አይደል?" አለኝ።

የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። "ሰምቻለሁ" አልኩ።

"እንግዲያውስ ተነሺ። እኔ ስናገር ካዛባሁ አንቺ ታቀኚኛለሽ።"

አዳዳና ባሏም አብረውን ወጡ። ወዴት እንደምንሄድ የነገራቸው አልመሰለኝም፤ አልጠየቁም። ሽቅቡ ላይ አባቴ ቶሎ ቶሎ ይደክመው ነበር። በደከመው ቁጥር አዳዳ ከፊታችን ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ሲደርስባት ደግሞ ትሄዳለች።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ከአጥሩ ውጪ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ እርጥብ ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ያዘ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚቀርበው። ጫማውን አወለቀና ፊታቸው ተንበረከከ። በኦሮምኛ ተናገረ፤ ምንም አላዛባም።

"እህቴ አንነሣም በልልኝ አለችኝ። እኔ ግን ደስ ብሎናል ይላሉ አልኩ። እናንተ አማርኛ ስለማትሰሙ ቃላችሁ የደረሰ መስሏችሁ ነበር። አልደረሰም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ፈርቼ ነው፤ ደግሞም ከሰውየው ጎን መቆሙን ወድጄው ነው። ማመንጫው ቀርቷል። መቅረቱን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ልጄ እዚህ አለች፤ ያን ቀን ሰምታኛለች፤ ጠይቋት።"

ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከመሀላቸው በሬውን ያቀናጅ የነበረው ጎረቤት ቀና አለ። የመለሰለት በአማርኛ ነው፤ አንድ ቃል ያልተሰበረበት አማርኛ።

"ልጄ፣ እኛ እኮ አማርኛ እንሰማለን። ወተታችንን የምንሸጠው፣ ፍርድ ቤት የምንቆመው፣ ሰንበቴ የምንጠጣው ከማን ጋር ይመስልሃል? ያን ቀን ያልከውን አንድ በአንድ ሰምተናል።"

አባቴ ሣሩን እንደያዘ ቀረ። "ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ? ለምን ውሸቱን ነው አላላችሁም?"

ሽማግሌው ወደ አዳዳ ተመለከተ። እሷ ከእኔ ጎን ቆማ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሰማሁ።

"ውሸቱን ነው ብንልማ፣ አንተ ያን ቀን የት ታድር ነበር?"

አባቴ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። እኔ ወደ ማንም ማየት አልቻልኩም። ዘፈን ስዘፍን ፊቴ ላይ የነደደው እሳት ትዝ አለኝ፤ የዛሬው እሱን አይመስልም፤ ይሄ ይቀዘቅዛል፣ አጥንት ድረስ። እኔ ያን ጊዜ የሰማሁት የአባቴን ውሸት ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለአባቴ ሲል ማጨብጨቡን አልሰማሁም። ያኔ በአንድ ቃል ሰው እንደሚታሰር፣ እንደሚጠፋም ያውቁ ነበር። መሬታቸውን ሰጥተው እሱን አስቀሩት።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተመካከሩና ያው ሰውዬ ፍርዱን ነገረው። "ካሳ አንጠይቅህም፤ የምትከፍለው የለህም። ዘመዳችን ነህ፤ ሲደገስ ና፣ ብላ፣ ጠጣ። ሐዘን ሲደርስብህ እንመጣለን። አፋችን ግን አትሁን። ከእንግዲህ ስለ እኛ ለማንም አትናገር።"

አባቴ በጭንቅላቱ እሺ አለ። ሣሩን ከእጁ ተቀበሉት።

ስንመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ትጠብቀን ነበር። አዳዳ ላሟን ልታይ ወደ ጓሮ ስትሄድ ሁሉን ነገርኳት። አማርኛ ትሰማለች ስላት እጇን አፏ ላይ ጭና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ለጎረቤት ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሰች እንደነበር ከፊቷ አየሁ። "በማርያም! ሁሉንም?" አለችኝ። "ሁሉንም ይመስለኛል" አልኳት። በማግሥቱ ቁርስ ስታቀርብ አዳዳን፣ "እርስዎ" አለቻት። አንቺ ስትላት ነበር የኖረችው። አዳዳ ዳቦውን ተቀብላ፣ "ኧረ አንቺ በይኝ" አለች፣ በአማርኛ። እናቴ ግን አልቻለችም፤ እስከ መጨረሻው እርስዎ እንዳለቻት ቀረች።

አባቴ ለኃላፊው ከእንግዲህ አላስተረጉምም አለው። ምክንያቱን ሲጠይቀው፣ "ኦሮምኛው ጠፋኝ" አለ። ላንድሮቨሩን ተቀምቶ የውሃ ቦቴ ተሰጠው። ኮቱን እናቴ መተኮስ ተወች።

ቦታው ለእነ አዳዳ አልተመለሰም። በአንድ ክረምት የዛፍ ተከላ ዘመቻ መጣና፣ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሜዳ እስከ ኮሶው ድረስ ባሕር ዛፍ ተተከለበት። የአዳዳ ባል የሚጠብቀው የዛፍ ችግኝ ሆነ። ቀን ቀን ጎረቤቶቹ ከብቶቻቸውን በምንጩ በኩል ያስገባሉ፤ እሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ልጁ ቀበና ወንዝ አጠገብ የብስክሌት ጥገና ጀመረ።

መንግሥት ሲለወጥ የገበሬ ማኅበሩ ለአዳዳ ከሜዳው በታች፣ ገደላማው ላይ ጠበብ ያለ ቦታ ሰጣት። ግቢያችን ውስጥ ተከምሮ ከኖረው እንጨት ግማሹ በስብሷል። የተረፈውን ጭነን ወሰድን። ደቦ ተጠርቶ የአገሩ ሰው ሁሉ መጣ፤ ጭቃ የሚረግጥ፣ ማገር የሚያስር፣ ውሃ የሚቀዳ። አባቴ በዚያን ጊዜ ፀጉሩ ሸብቷል። ማንም ሳያዘው ጭቃ ሲያቦካ ዋለ። ሰው ሲያዋራው አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አፍ አውጥቶ አይመልስም። የሚስቅ ቡድን አጠገቡ ሲደርስ ጭቃው ላይ ያቀረቅራል።

ለምሳ ሁሉም ተሰብስቦ ሲቀመጥ እሱ አልመጣም። ከቤቱ ጀርባ፣ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ እግሩን በቅጠል ያብስ ነበር። ልጠራው ተነሣሁ። አዳዳ እጄን ያዘችኝ።

"ተዪው" አለችኝ በኦሮምኛ። "ሰው ፊት መብላት ያፍራል።"

በሰሃን ምግብ ቆንጥራ ወሰደችለት። ከጎኑ ተቀመጠች። እኔ ከሩቅ አየዋለሁ፤ አቀርቅሮ ይበላል፣ እሷ ገደሉን ታያለች። ሲጨርስ ሰሃኑን ተቀበለችውና ተነሣች፤ እሱም ወደ ጭቃው ተመለሰ።